ለጥር ሠርግ የተሰፋ ካፖርት

ሠርጉ በጥር ይሁን ያልነው እኔና ባለቤቴ ነን። ልጃችን ኖርዌይ ነው የምትኖረው፤ የምታገባውም የዚያው አገር ሰው ነው። ደውላ በሐምሌ እናድርገው፣ ያኔ እዚህ ፀሐይ አለ ስትለን ሁለታችንም ባንድ አፍ ጮኽንባት። በሐምሌ ማን ይዳራል? ታች ጭቃ፣ ላይ ዶፍ፣ ፍልሰታ ደግሞ ደጅ ላይ። ሰው በጥር ነው የሚዳረው፤ ሰማዩ ሲጠራ፣ ምድሩ ሲደርቅ። ልጅቷም እሺ አለች። እሺ ስትል የሳቀች መስሎኝ ነበር፤ የስልኩ መስመር ነው ብዬ ተውኩት።

ባለቤቴ ለዝግጅቱ ብላ ኅዳር ላይ ቀድማ ሄደች። የመጀመሪያዋን ቪዲዮ ስትደውል ከዓይኗና ከአፍንጫዋ ጫፍ በቀር ሁለመናዋ ተጠቅልሏል። ስንት ዘመን አንድ አልጋ ላይ አብሬያት የተኛሁትን ሴት በድምጿ ነው የለየኋት። ከበስተጀርባዋ አገሩ በሙሉ ነጭ ነው፤ ዛፉ ሳይቀር የተገነዘ ይመስላል። ጫማና ካፖርት ሳትይዝ ድርሽ እንዳትል አለችኝ።

ልጄ ነገሩን ልታቀልልኝ ብላ፣ ካፖርቱን እኔ ኤርፖርት ይዤልህ እመጣለሁ አለች። የባልየው እናትና አባትም ሊቀበሉኝ አብረዋት እንደሚመጡ የነገረችኝ በዚያው አፏ ነው። እስቲ አስቡት፤ የሙሽራ አባት ከአውሮፕላን ወርዶ፣ ገና ሰላም ሳይል፣ በአማቾቹ ፊት እንደ ሕፃን እጁን አንስቶ ልብስ ሲያለብሱት!

«አይሆንም» አልኳት። «ለብሼ ነው የምመጣው። እንደ ሰው አምሬ፣ ሳላነክስ ቀጥ ብዬ እየተራመድኩ።»

ይህን ስል እግሬን አላማከርኩም ነበር። የኔ እግር ከፊቱ እንደ ድፎ ዳቦ የሰፋ ነው፤ ከአውራ ጣቱ ሥር ደግሞ ሌላ እግር ሊያበቅል ያሰበ የሚመስል አጥንት ወጥቷል። ይህንን ጉድ ይዤ ቡልጋሪያ ሰፈር ወረድኩ። አንዱ ቡቲክ ውስጥ ጢሙን በማስመሪያ ያሰመረ የሚመስል ጎረምሳ አንድ ቡትስ አወጣልኝ። ፊቱ እንደ ጦር የሾለ፣ ውስጡ ፀጉር ያለው ነው፤ ያምራል፣ አልዋሽም። እግሬን ስከተው ጣቶቼ እንደ ጠዋት ታክሲ ተሳፋሪ ተደራርበው ተቀመጡ። ጠበበኝ ብለው ሲለበስ ይሰፋል አለኝ። ቀጥሎ ያለው ሱቅ የሰጡኝ ደግሞ ተረከዜ እየወጣ አስቸገረኝ። ባለሱቁ ሲለበስ ልኩን ይይዛል አለ። በቃ፣ ቡልጋሪያ ውስጥ የጠበበው ይሰፋል፣ የሰፋው ይጠባል፤ ፍንክች የማይለው የኔ እግር ብቻ ነው።

ለካፖርቱ ወሎ ሰፈር ሄድኩ። መስታወቱ ጣሪያ የሚነካ ሱቅ ውስጥ አንዲት ልጅ ጃኬት አምጥታ፣ ፋዘር፣ ይሄ ኦሪጅናል ነው፣ ለበረዶ ተብሎ የተሠራ ነው አለችኝ። ብዳብሰው ከነጠላ የሳሳ ነው። ምን ያህል ብርድ ይችላል ብላት፣ እሷ ራሷ ለብሳው ደብረ ብርሃን እንዳደረች ነገረችኝ። ከዚያች ቀን ወዲያ የጠየቅኩት ነጋዴ ሁሉ ደብረ ብርሃንን ነው የጠራልኝ። ለዚህ ከተማ ሰው የብርድ ዳርቻ ደብረ ብርሃን ነው፤ ከዚያ ማዶ ያለው ወሬ ነው።

ታኅሣሥ ተጋመሰ። ካዛንቺስ ከድሮ ጀምሮ የማውቀው የሰልባጅ ቤት ነበር፤ ውጭ አገር ተለብሶ የመጣ ደህና ደህና ልብስ የማይጠፋበት። ሄጄ ባይ ሱቁ ቀርቶ ወደ ሱቁ የሚያስገባው መንገድም የለም። በቦታው አውሮፕላን የሚያሳርፍ አስፋልትና የመብራት ሰልፍ ቆሟል። መሀሉ ላይ ስሽከረከር ያየኝ አንድ ዘበኛ ምን ጠፋዎት ቢለኝ፣ ካፖርት አልኩት። አዝኖልኝ ነው መሰለኝ፣ ከነጋዴዎቹ አንዳንዶቹ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ሸራ ዘርግተው እንደሚሸጡ ጠቆመኝ። ቂርቆስ ማለት የኔው ሰፈር ነው። አገር ምድሩን ዞሬ ደጄ ላይ ተመለስኩ።

እዚያ ሸራ ላይ ግን እግሬ አምላኩን አገኘ። ወፍራም ሶል ያለው ቡትስ፣ ፊቱ ሰፊ፣ ውስጡ ሞቃት፤ ስገባበት ጣቶቼ በየክፍላቸው ተኝተው እፎይ ሲሉ የሰማሁ መሰለኝ። ሻጯ ቀስ ብላ የሴት መሆኑን ነገረችኝ። ለካ ጎኑ ላይ ሁለት ሮዝ አበባ ተጠልፏል። ምን ቸገረኝ፤ ሊስትሮው ጥቁር ቀለም ሲደራርብበት አበባዎቹ ወደ ጠባሳነት ተለወጡ።

ካፖርቱንም ከእሷው ገዛሁ። እንደ ትራስ የተነፋ፣ እንደ አየር የቀለለ፣ ግን ሁለት እኔን የሚያስገባ። አንድ ሰው የዋጠኝ ነው የምመስለው። ይህ አላሳሰበኝም። ሰልባጅ ገዝቶ ልኩን ሳያስገባ የሚለብስ ሰው ሰፈራችን የለም፤ መጀመሪያ ልብስ ሰፊ ነው የሚሄደው። የኔ ልብስ ሰፊ ከጉርምስናዬ ጀምሮ ካዛንቺስ የሰፋልኝ ነው፤ ቤቱ ፈርሶበት ሲንጀሩን ይዞ ከቤቴ ኋላ አንድ በረንዳ ላይ ተጠግቷል። የሙሽራ አባት መሆኔን ነግሬ ሞድ አሲዝልኝ አልኩት። ለእኔ ተወው አለ።

በቀጠሮዬ ስሄድ ካፖርቱ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ወገቡ ገባ ያለ፣ ትከሻው ልክክ ያለ! ብለብሰው ሚኒስትር አከልኩ። እሱም በደስታዬ ላይ ደስታ ጨመረበት።

«ውስጡን ብታየው ጉድ ነው፣ አጭበርብረውሃል» አለኝ። «የዶሮ ላባ ጠቅጥቀውበት። አንድ ሳላስቀር ጠርጌ አወጣሁልህና ስስ ስፖንጅ አስገባሁበት።»

አገላብጬ ሳምኩት። ሰው እንዴት እንደዚህ ያለ ነውር ይሠራል እያልኩ የማላውቀውን የፈረንጅ ልብስ ሰፊ ስረግም ቤቴ ገባሁ።

ማታ ለባለቤቴ ለብሼ በቪዲዮ ታየሁላት። ይሄ ካፖርት ምን አከሳው አለችኝ። የልብስ ሰፊውን ታማኝነት አንድ በአንድ ሳወራላት ልጄ በጎን ብቅ አለች።

«አባዬ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ካፖርቱ እኮ ላባው ነው።»

ጠዋት በረንዳው ላይ እየሮጥኩ ደረስኩ። ላባዬን ስለው በእጁ ወደ አጥሩ ማዶ አሳየኝ። የደረቅ ወር ነፋስ ሥራውን ጨርሷል። መብራት ሽቦው ላይ ላባ፣ ጣሪያው ላይ ላባ፤ ጎረቤት ለፀሐይ ባሰጣችው በርበሬ ላይ በረዶ የጣለ ይመስላል። ሴትየዋም ላባውን አንድ በአንድ እየለቀመች የልብስ ሰፊውን ዘር እስከ ሰባት ቤት ትሰድባለች። እኔም ልጨምርለት አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ዶሮ ራሷ ትንሽ ሲበርዳት ድፍት የምትል ፍጥረት ናት። ላባዋ ሰው ያሞቃል ብዬ በምን ልጠርጥር?»

 

በረራዬ በማግስቱ ነው። ስፖንጁን አውጥቶ ጋቢ እንዲሰፋበት ተስማማን፤ ያለኝን ወፍራም ጋቢ አመጣሁ፣ እያየሁት ቆራርጦ ገበር አደረገው። ሙቀቱን ተዉት፣ ምድጃ ነው። ግን ካፖርቱን አስቀድሞ ከጎንና ከጎን ቀንሶታል፤ የቀነሰውም ጨርቅ ለማን ቀሚስ ማስፊያ እንደዋለ አይታወቅም። ዚፑን ሁለት ሆነን ዘጋነው። ሲዘጋ እጆቼ ወደ ጎን ተነሥተው ቀሩ። ልብስ ሰፊው ተጭኖ አወረዳቸው፣ ሲለቃቸው ተመልሰው ብድግ አሉ። በዚያ ሰዓት ሌላ ካፖርት ከየት ይመጣል?

ኖርዌይ ስደርስ የኤርፖርቱ በር ተከፈተ። እውነት ለመናገር አረማመዴ የጄኔራል ነበር። አማቾቼ ቀጫጭንና ረጃጅም ናቸው፤ እጅ ለመጨበጥ ተዘጋጅተው ቆመዋል። የባልየው እናት ግን ገና ከሩቅ ሁለት እጄን ዘርግቼ ስመጣ ስታየኝ ዓይኗ እንባ ሞላ። ቦርሳዋን ጥላ መጣችና ደረቴ ላይ ተለጠፈች። ባሏም ተከትሎ ከጎን ገባ። እኔ እጆቼን ላጥፍ እታገላለሁ፤ ጋቢው አንድ ስንዝር አይለቅም።

ልጄ ከኋላቸው ሆና በዓይኗ ታፈጥብኛለች። «አባዬ፣ እቀፋቸው እንጂ» አለችኝ በአማርኛ።

«እያቀፍኳቸው ነው» አልኳት።