ያለ እሳት የሞቀ ውሃ

ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት ዓ.ም.፣ በልግ። ዛሬ ልጄ ላበጠው እግሬ ለብ ባለ ውሃ የእንግሊዝ ጨው ስትበጠብጥልኝ ያ ወቅት ትዝ አለኝ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ፤ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ አክስቴ ቤት ተቀምጬ እማራለሁ። ዝናቡ አያባራም፤ መንገዱ ጭቃ፣ ገበያው ማንጎ ማንጎ ይሸታል። አባቴ ከጨንቻ ወርዶ፣ «ሽማግሌ ተልኮብሻል። ትምህርቱ ካልሆነልሽ ነገ አብረን እንውጣ» አለኝ።

«አባዬ፣ ዛሬ የኬሚስትሪ ሙከራ አለኝ። እሱን እይና መምህሬን ጠይቅ» አልኩት።

ሙከራው የወጥ ጨውና የእንግሊዝ ጨው፣ ማለትም ማግኒዥየም ሰልፌት፣ ውሃ ውስጥ አሟሙቶ የቱ ውሃ እንደሚሞቅ ማሳየት፣ ምክንያቱንም መናገር ነበር። የእንግሊዝ ጨው በውስጡ ውሃ ስለሚይዝ ቀድሞ ተቆልቶ መድረቅ አለበት። ባለፈው ሳምንት ቆልተን ሳህን ላይ ክፍቱን ትተነዋል። በዚያ ዝናብ!

የወጥ ጨው ያለበት ውሃ እንደጠበቅነው አልሞቀም። የእንግሊዙም አልሞቀም። የቡድናችን ቀልደኛ ታደሰ፣ «ጴንጤዋ፣ ጸልዪበትና ይሙቅ!» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ጸሎት ቤታችን በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ እንዲህ መባሉን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ግን እንዲህ ስባል አባቴ በመስኮት ሲያየኝ ነው።

ሳህን ላይ የቀረውን ጨው በጣቴ ነካሁት። ረጥቦ ተጓጉሏል። እናቴ በልግ ሲገባ ጨዋችንን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ከምድጃው በላይ የምትሰቅለው ትዝ አለኝ።

«ቲቸር፣ እንደገና ልቁላው?»

«ቶሎ በይ» አሉ።

በድስት ከሰል ላይ ቆላሁት። ሙቀቱ ከድስቱ ነው እንዳይሉኝ ከድኜ አቀዘቀዝኩት። ከዚያ ውሃው ውስጥ ጨመርኩት። ብርጭቆው ለመያዝ እስኪያስቸግር ድረስ ሞቀ። ታደሰ ነክቶት እጁን ፈጥኖ ሳበ።

«ውይ! ምን ብለሽ ጸለይሽበት?»

«ቆላሁት።»

መምህሩ ምክንያቱን ጠየቁኝ። «የወጥ ጨው አዮኖች የኤሌክትሪክ ቻርጃቸው አንድ አንድ ነው፤ የዚህኛው ሁለት ሁለት። ቻርጁ ሲበዛ ውሃን አጥብቆ ይይዛል፤ ሲይዝም ሙቀት ይለቃል። የረጠበው ግን ከአየሩ ውሃ ስለያዘ ሙቀቱን ሳህኑ ላይ ጨርሶታል» አልኩ። በሕይወቴ ያን ያህል የተናገርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

«ይህንም ጨምሩበት» አሉ መምህሩ ለክፍሉ፤ «ቻርጁ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል።»

ከዚያ አባቴን አስገቡት። አባቴ ብርጭቆውን ዳሰሰ፤ ጎንበስ ብሎም ከጠረጴዛው ሥር ተመለከተ።

«እሳቱ የታለ?»

«እሳት የለም፣ አባባ» አሉ መምህሩ፤ ሊወስደኝ እንደመጣ ነግሬያቸው ነበር። «ይቺን ልጅ ግን አይውሰዱብን።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ሽማግሌዎቹን ምን ልበላቸው?»

«ጨው እየቆላች ነው በላቸው።»

ሳቀ። አባቴ በሰው ፊት ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

በኋላ እኔም ኬሚስትሪ አስተማርኩ፤ ልጆቼንም በዚያው እንጀራ አሳደግኩ። ክብሩ የእግዚአብሔር ነው። እሱ በጨው ውስጥ ያኖረውን ሙቀት ግን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ስል አላፍርም።

ከሙከራው በማግስቱ ጠዋት አባቴን መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። ከተቆላው ጨው ጥቂት በጨርቅ ቋጥሬ ለእናቴ እንዲያደርስልኝ ሰጠሁት። «እንዳይረጥብ ከምድጃው በላይ ትስቀልልኝ» አልኩት። እሱ ወደ ጨንቻ ወጣ፤ እኔ ወደ ትምህርት ቤቴ።