ገዘርን ያስጠበቀች ሴት

እትዬ ብዙወርቅ ክፉኛ ታናድደኛለች። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በኋላ የምጽፈው ሁሉ ምስጋና ስለሚሆንብኝ ነው።

ጂንካ ያለው የቅቤ ነጋዴዎች ማኅበራችን ሊቀመንበር የሚመርጠው እጅ በማውጣት ነው። ገዘር ቅርብ ስለሆነ እኛ የገዘር አባላት በጠዋት ሚኒባስ ከች እንላለን፤ ተወዳዳሪዎቹን በጥያቄ እናፋጥጣለን፤ ከዚያ እጃችንን እናወጣለን። የጂንካ ሰዎች ገበያቸውን አስቀድመው፣ የዲመካዎቹም ከሩቅ ተጉዘው ዘግይተው ይገቡና እኛን አይተው ይከተላሉ። ከሁሉም ሩቅ ያሉት አርቦሬዎች ግማሹን መንገድ በእግራቸው መጥተው ሲደርሱ ስብሰባው አልቆ ለስላሳ እየተጠጣ ነው። ቅድሚያው የተሰጠን፣ ሰው መመርመር ስለምናውቅበት ይመስለን ነበር። ነገሩ የሚኒባስ ጉዳይ መሆኑን ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

እትዬ ብዙወርቅም የገዘር ሰው ናት፤ ሁለት ጊዜ ተመርጣ ስምንት ዓመት መርታናለች። ቅቤ ውስጥ ሙዝ የሚደባልቁ ደላሎችን ከገበያ ያባረረች፣ ለማኅበሩ የጭነት መኪና ያስገዛች እሷ ናት። ወንበሯንም ትወደው ነበር፤ አልዋሽም። በ2010 ዓ.ም. ለሦስተኛ ጊዜ፣ ከዲመካዋ ነጋዴ ከሰኢዳ ጋር ተወዳደረች። እኛ በጠዋት ተሰብስበን እጃችንን ልናወጣ ስንል፣ «አርቦሬዎች ይምጡ፤ ዛሬ እነሱ ይጀምሩ» አለች።

«እትዬ፣ አሁን ከመረጥን እኮ አለቀ!» አልኳት።

«እሱንማ አውቃለሁ፣ ዘሩ። ቁጭ በል።»

አርቦሬዎች ስምንት ሰዓት ላይ አቧራ ለብሰው ገቡ። አንዲት ሴት ገና ሳትቀመጥ ጠየቀች። «መኪናው እኛ ጋ ስንት ጊዜ መጣ? ቅቤያችን መንገድ ላይ ቀልጦ ያልቃል።»

እኛ አዋቂዎቹ ይህን በስምንት ዓመት አንዴም አልጠየቅንም። መኪናው ደጃችን ድረስ ይመጣል።

እትዬ ብዙወርቅ በመንገዱም በነዳጁም ማመካኘት ትችል ነበር። «አንድም ቀን አልላክሁላችሁም። ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። በዚያች ሰዓት እንዳከበርኳት ሰው አክብሬ አላውቅም።

የአርቦሬዎች እጅ በሙሉ ለሰኢዳ ወጣ። ዲመካና ጂንካም ተከተሉ። ተራው የገዘር ሲሆን የሴትዮዋ ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣ ስላለኝ፣ እትዬ ብዙወርቅን እንደ ታላቅ እህቴ የማያት እኔ፣ እጄን ለሰኢዳ አወጣሁ። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። በሃፍረት እጄን ላወርድ ስል ወደ ቆጣሪዎቹ ዞራ ጮኸች።

«ዘሩ ገና አልተቆጠረም፤ ቁጠሩት እንጂ!»