የልጆቹን ቅጽ የሞሉት ሴትዮ

የትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ማኅተሙን እንደ ዓይናቸው ብሌን ስለሚጠብቁ ተማሪዎቹ «እትዬ ማኅተም» ይሏቸዋል። ራሳቸው አሥራ ሁለተኛን ጨርሰው ኮሌጅ ሳይገቡ ቀርተዋል፤ ማመልከቻ የሚባል ነገር መኖሩን የሰሙት ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ነገሩ እስከ ዛሬ ያንገበግባቸዋል። ስለዚህ በየዓመቱ ቤት ውስጥ የሚያግዛቸው ሰው የሌላቸውን ልጆች ሰብስበው የኮሌጅ ቅጻቸውን ይሞሉላቸዋል። ማገዝ ከጀመሩ ደግሞ ማን ያስቆማቸዋል! ልጆቹ ስማቸውን ተናግረው ይሄዳሉ፤ ቀሪው፣ «ለምን መማር ፈለግህ?» የሚለው ሳይቀር፣ የእሳቸው ሥራ ነው።

ዘንድሮ ጉድ ፈላ። ኮሌጁ ውስጥ አዲስ የተመደቡት ሬጅስትራር እሳቸው የሞሉትን አሥራ አንዱንም ቅጽ መለሱት። «ጽሕፈቱ የአንድ ሰው ነው፤ ለመማር የተሰጠው ምክንያትም ቃል በቃል አንድ ነው። አመልካቾቹ ራሳቸው ሞልተው እስከ ዓርብ ያስገቡ» ይላል ደብዳቤው። እትዬ ማኅተም መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ።

ዓርብ ጠዋት አሥሩ ጨርሰው የልብስ አጣቢዋ ልጅ ብቻ ቀረች። ጎበዝ ናት፤ ግን ባዶው ቅጽ ላይ አፍጥጣ ተቀምጣለች። ዛሬ ካላስገባች አበቃላት።

«እትዬ፣ እርስዎ ይንገሩኝና ልጻፍ» አለች።

እትዬ ማኅተም ባዶውን ቅጽ መልሰው ወደ ልጅቷ ገፉት።

«አንቺ ለምን መማር እንደፈለግሽ እኔ ምን አውቄ፣ የኔ ልጅ?»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን ስታኝክ ቆይታ ጻፈች፦ «እናቴ የሰው ልብስ ስታጥብ እጇ ይላላጣል። ሳሙናው ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ እፈልጋለሁ። የኬሚስትሪ መምህራችንን ብጠይቀው ፈተና ላይ አይመጣም አለኝ።»

እትዬ ማኅተም ሁለቴ አነበቡት። አንዲት የተንጋደደች ፊደል ሊያቃኑ እስክሪብቶ አነሡና ተዉት። ማኅተሙን መትተው፣ ራሳቸው ታክሲ ተሳፍረው አደረሱት።

በወሩ ልጅቷ ማለፏ ተሰማ፤ የደስታ ጩኸቷ ኮሪደሩን አናጋው። እትዬ ማኅተምም አብረው ሣቁ፤ ወዲያው ግን ያለፉት ዓመታት ልጆች ትዝ አሏቸው። ፋይላቸውን አወጡ። ኮሌጁ ያልተቀበላቸው ልጆች ጥቂት አልነበሩም፤ ውጤታቸውም መጥፎ አልነበረም። ቅጾቹ ላይ የሰፈረው የመማር ምክንያት ግን ያው የእትዬ ማኅተም ያማረ ዓረፍተ ነገር ነው። የልጆቹን መንገድ የዘጉት እሳቸው ራሳቸው እንደሆኑ ያን ጊዜ ገብቷቸው አለቀሱ።

ስልክ አንሥተው ፋይሉ ላይ ወዳለው የመጀመሪያ ቁጥር ደወሉ። አንዲት ሴት አነሣች፤ ከኋላዋ የስፌት መኪና ይሰማል።

«ልጄ፣ እትዬ ማኅተም ነኝ። ያኔ ኮሌጅ መግባት የፈለግሽው ለምን ነበር? ሳልጠይቅሽ ነው የጻፍኩት።»

የስፌት መኪናው ቆመ።

«አንዴ ይጠብቁኝ፣ እትዬ» አለች ሴትዮዋ። «በሩን ልዝጋና ልንገርዎ።»