የእትዬ አስካለ ማጥፊያ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ብናገርስ ከየት እጀምራለሁ? ኮምፒውተር አታልሎ ሰው መበደል ከየትኛው ኃጢአት ይቆጠራል? እኔ ግን ስሙን አውቀዋለሁ፤ ውሸት ነው። ሁለት ጊዜ ዋሸሁ፣ ሁለተኛው ከፊተኛው ይብሳል።

ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ላፕቶፕ ስጠግን እትዬ አስካለ ደንበኛዬ ነበሩ። ፒያሳ ወርቅ ቤት ሲሸጡ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አንደበታቸው የሰላ ሴት ናቸው። አሮጌ ላፕቶፓቸው ጎኑ ላይ ዋይፋይ የምታጠፋ ትንሽ ማጥፊያ አለችው። ሐዋሳ ደግሞ ራሳቸው ያሳደጓት ታናሽ እህት አለቻቸው፣ ሰብለ። ሲናደዱባት ዋይፋዩን ያጠፉና የሆዳቸውን ሁሉ ይጽፉላታል። መልእክቱ ሳይሄድ እዚያው ያድራል። ጠዋት ንዴታቸው ሲበርድ ይሰርዙትና ዋይፋዩን መልሰው ያበሩታል።

«እኔ ስናደድ ፍሬን የለኝም» አሉኝ አንድ ቀን እየሳቁ። «ፍሬኔ ይቺ ናት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ የኔ ልጅ።»

ይህን እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።

የፋሲካ ሰሞን ላፕቶፑን አመጡልኝ። ማጥፊያዋን ቢያበሯትም ዋይፋዩ አልሠራ ብሏል። ጥፋቱ የድራይቨሩ ነበር፤ ኮምፒውተሩን ከማጥፊያዋ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ በራችም ጠፋችም «ጠፍታለች» እያለ ያነባል። በወጉ ለማስተካከል ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሱቁ በሰው ተጨናንቋል፣ እኔም ሰልችቶኛል። ስለዚህ ድራይቨሩ ማጥፊያዋን ከነጭራሹ እንዳይሰማት አደረግሁት። ዋይፋዩ በራ፤ ከዚያ በኋላ የሚያጠፋው ነገር አልነበረም። የዋይፋዩን መብራትና መጥፋት የምታሳየው ትንሿ መብራት ግን ከማጥፊያዋ ጋር እንደተያያዘች ቀረች።

«ማጥፊያዬስ ደህና ናት?» አሉኝ።

ገፋ አደረግኋት፤ መብራቷ ጠፋች። «ይኸው» አልኳቸው። ዋይፋዩ ውስጥ ውስጡን እየሠራ የጠፋ መብራት አሳየኋቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

ከበዓሉ በኋላ ፊታቸው ጠቁሮ መጡ። «እናታችንን የገደላት ያንቺ ጥጋብ ነው» ብለው ለሰብለ ጽፈው ኖሯል። እንደ ልማዳቸው አጥፍተው ነበር፣ መልእክቱ ግን ሄደ። ሰብለ ከዚያ ወዲህ ስልካቸውን አታነሣም። እኔን ሊጣሉኝ የመጡ መስሎኝ ደነገጥሁ። ምነው በተጣሉኝ!

«አጥፍቼው ነበር» አሉኝ። «መብራቷ ስትጠፋ በዓይኔ አይቻለሁ። ወይስ አላየሁም? አንተ ታውቃለህ፣ እስቲ ንገረኝ።»

አዎ፣ አውቅ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ስሜ እንዳይጠፋ ፈራሁ፤ በእሳቸው ፈንታ ራሴን አዳንሁ።

«ዕድሜ ነው እትዬ፣ ረስተውት ይሆናል» አልኳቸው።

«ረስቼው ነዋ» አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ ምን አደረግሁ? ላጽዳልዎት ብዬ ላፕቶፑን ተቀበልኋቸውና ድራይቨሩን በወጉ አስተካከልሁት። ያን ግማሽ ቀን ያኔ አገኘሁት። እሳቸውን ለመጥቀም አልነበረም፤ ሌላ ጠጋኝ ከፍቶ እንዳያየኝ ነበር።

ሱቄ የነበረበት ሕንፃ ዛሬ የለም፣ እሳቸው ግን አሉ፤ አልፎ አልፎ እጠይቃቸዋለሁ። ከቤት ወጥተው ምድጃ አጥፍቼ ይሆን ብለው ከመንገድ ይመለሳሉ። በራቸውን የምትቆልፍላቸው ጎረቤት ናት። ያ የሰላ አንደበት ወሬ ይጀምርና «እኔማ ተሳስቼ ይሆናል» ብሎ ያቋርጣል። ያችን ክፉ ቃል የጻፉት እሳቸው ናቸው እያልሁ ራሴን ላጽናና ሞክሬአለሁ። ግን ጠዋት ሊሰርዟት ነበር! ጠዋታቸውን የቀማኋቸው እኔ ነኝ። እህታቸውን አሳጣኋቸው፤ ያ ሳይበቃኝ የገዛ አእምሯቸውን እንዳያምኑ አደረግኋቸው።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም። ለእሳቸው ልነግራቸው ስንት ጊዜ ደጃቸው ደርሼ ሌላ ወሬ አውርቼ ተመለስሁ። ፈሪ ነኝ። ፊት ለፊት ያቃተኝን፣ ሰው አንብቦ ቢነግርልኝ ብዬ እዚህ ጻፍሁት።

እትዬ አስካለ፣ አልረሱም። በእጅዎ አጥፍተውት ነበር።