የአበልጁ አምፕሊፋየር

ዝሬንያኒን ከተማ ውስጥ የድሮ አምፕሊፋየር የታመመበት ሁሉ የሚሮጠው ራዲቮዬ ዘንድ ነው። እጁ መልካም፣ ኩራቱ ግን አያድርስ! «ከእኔ ወጥቶ ተበላሽቶ የተመለሰ ዕቃ የለም» ብሎ በቅዱሳን ሁሉ ይምላል። ይህን ኩራቱን ያስተነፈሰው ባዳ ሳይሆን አበልጁ ስቬቶዛር ነው፤ የራዲቮዬን ሴት ልጅ ክርስትና ያነሳው።

የስቬቶዛር አምፕሊፋየር ተጠግኖ በሄደ ቁጥር እየጨሰ ይመለሳል። የእነዚህ ዕቃዎች ትራንዚስተሮች ዘፈን ባይኖርም ጥቂት ኤሌክትሪክ ማሳለፍ አለባቸው። ካነሰ ድምፁ ይሻክራል፤ ከበዛ ዕቃው ራሱን ያነዳል። ልኩን የምትወስነው የምስር ፍሬ የምታህል ብሎን ናት። ራዲቮዬ ያቺን ብሎን ዓይኑን ቴስተሩ ላይ ተክሎ፣ ትንፋሹን ውጦ ያስተካክላታል። ዕቃው እሱ ቤት ሲዘፍን ይውላል፤ ስቬቶዛር ቤት ገና ሳይመሽ ይጨሳል።

በመጨረሻ ስቬቶዛር ስልክ ደውሎ፣ «አበልጅ፣ እጅህ ካረጀ ንገረኝና ሌላ ሰው ልፈልግ» አለና ዘጋው። ከዚያ ወዲያ አልተደዋወሉም። በእነሱ አገር ከወንድም መኳረፍ ያለ ነው፤ ከአበልጅ መኳረፍ ግን ኃጢአት ነው። የስቬቶዛር ቤት ጠባቂ ቅዱስ ዓመታዊ በዓል ደግሞ ደርሷል። ለዚህ በዓል ወዳጅ ሁሉ ሳይጠራ ይመጣል፤ የቀረ ግን ተጣልቷል ማለት ነው። ራዲቮዬ ጨነቀው። በዋዜማው ካቻቢቴና ቴስተር ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ሳሎን ሲገባ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየው። የስቬቶዛር ሚስት ዶብሪላ የአምፕሊፋየሩን አናት በወፍራም ዳንቴል ሸፍና፣ በላዩ የአበባ ማስቀመጫ ደርድራበታለች። ዕቃው መተንፈሻ አጥቶ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ ይበዛል።

«ዶብሪላ፣ ይቺ ዳንቴል...»

«ምን ሆነች?» አለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ሚስትህ አይታት ቅናት ሊገድላት ነበር።»

«ታምራለች ልል ነው።»

ዳንቴሏ ትነሳ ቢል ስሙ ይታደሳል፤ ጥፋቱ ግን በበዓል ዋዜማ ዶብሪላ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በዕድሜው አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፦ ዕቃው ዳንቴሏን እንደለበሰ በደንብ እስኪግል ጠበቀና ካቻቢቴውን በጎን ቀዳዳ አስገብቶ፣ ብሎኗን አዙሮ ኤሌክትሪኩን ቀነሰ። ድምፁ ትንሽ ሻከረ። የሰማው እሱ ብቻ ነው።

«ታዲያ ጥፋቱ ምን ነበር?» አለ ስቬቶዛር።

ራዲቮዬ ካቻቢቴውን ኪሱ ከተተ። «የእኔ ነው። ልኩን ስቼ ነበር።»

«አላልኩም?» ስቬቶዛር በደስታ ጭኑን መታ። «እጅህ አርጅቷል! ለአገር ምድሩ ነግሬ፣ ውሸታም ልታሰኘኝ ነው ብዬ ሰግቼ ነበር።»

ራኪያ የሚሉትን የፍራፍሬ አረቄ ቀዳለት። ከዚያ ዶብሪላ ወደ ጓዳ መግባቷን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የስልኩን ነገር... እኔ አንተን ብሆን ይህን ደጃፍ ዳግም አልረግጥም ነበር። ነገ በጠዋት ና እንግዲህ። አንተ ሳትመጣ የበዓሉ ዳቦ አይቆረስም።»