ልቡ የዘገየ ዕለት

አዋላጇ ነርስ ማዳመጫውን ምጥ የያዘው ሆዴ ላይ አድርጋ ዝም ስትል መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። በምሠራበት ሆቴልም ቢሆን ተጠይቆ ዝም የሚል ሰው አልወድም።

«ምን ሰማሽ? ተናገሪ እንጂ!» አልኳት።

«የልጁ የልብ ምት ቀንሷል። ምጡ ሲበረታ ኦክስጅን እያነሰው ነው» አለችና በግራ ጎኔ አስተኛችኝ።

ይህን ጊዜ ቤተሰቡ ተተራመሰ። ቀትር ነው፤ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ የጤና ጣቢያውን ቆርቆሮ ያንጣጣዋል፤ መብራት ሄዶ የጣሪያው ማራገቢያ ቆሟል። አማቴ የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ያራግቡኝ ጀመር፣ አንዴ ፊቴን፣ አንዴ ሆዴን። ሆዴን ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «ለሱም ይድረሰው እንጂ!» ብለው ተቆጡኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ ባሌን ግን የጨነቀው ካገባ በኋላ ነው። የሚኒባስ ሾፌር ስለሆነ ሁሉም ነገር በመኪና የሚፈታ ይመስለዋል።

«ሲስተር፣ ጣርማ በር ላውጣት? እዚያ አየሩ እንደ ልብ ነው» አላት።

«እዚያ ከፍታ ላይማ አየሩ ጭራሽ ይሳሳል። ብርዱ ነው ያሳሳተህ» አለችው።

እኔ ግን ግራ ገባኝ። ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው ልቡ ይሮጣል፤ የኔው ሲደልቅ በጆሮዬ ይሰማኛል። የሱ ለምን ይዘገያል? ሊተወኝ ነው? በቁጣ ጠየቅኋት፤ የተቆጣሁት ስለፈራሁ ነበር።

«ያለችውን ኦክስጅን እየቆጠበ ነው» አለች። «ከእጅ ከእግሩ ደም ቀንሶ ለአንጎሉና ለልቡ ይሰጣል። ልቡም ብዙ እንዳይደክም ይዘገያል። ግን እንዲህ ሆኖ ብዙ አይቆይም። አሁን ግፊ!»

ማን ነገረው? እኔ እናቱ ግራና ቀኜ ጠፍቶብኝ፣ ባሌ ወደ ዳገቱ ሊወስደኝ ቁልፉን ይዞ ቆሞ፣ ገና ዓለምን ያላየ ልጅ ለየትኛው አካሉ እንደሚያዳላ በምን አወቀ? እስካሁንም አልገባኝም። ገፋሁ።

ወጣ። አላለቀሰም። አዋላጇ በፎጣ ጀርባውን ስታሸው እኔ ያየሁት እግሩን ብቻ ነው፤ ሰማያዊ ሆኗል።

«እግሩ ሞቷል!» ብዬ ጮኽኩ።

አማቴ ማራገባቸውን ተዉ። ከዚያ አንዲት ቀጭን ድምፅ ተሰማች፤ ቀጥሎ የምር አለቀሰ። ቀይ መልክ ደረቱ ላይ መጣ፣ ፊቱም ላይ መጣ፤ እግሩ ግን ቀረ። አዋላጇ ደረቴ ላይ ስታስተኛው «ደሙ እግሩ ጋ የሚደርሰው መጨረሻ ነው፤ ታገሺው» አለችኝ። አማቴ ሲያራግቡበት በዋሉት ነጠላ ሸፈኑን።

ከነጠላው ሥር እግሮቹን በመዳፌ ያዝኳቸው። በዚያ ሙቀት ሁላችንም ቀዝቃዛ ነገር ስንፈልግ ነበር፤ ያገኘሁት የልጄን እግር ነው። እስኪሞቅ ድረስ አልለቀቅሁትም።