ጥፍሩ የለመደው መስታወት

ካፒቴኑ የከፍታ መለኪያውን መስታወት በጥፍሩ መታ መታ ሳያደርግ አውሮፕላን አሳርፎ አያውቅም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የበረረው በመርፌ ጠቋሚ ነው። ጥርሱን በነቀለበት ሥራ መርፌ አንዳንዴ ባለችበት ደርቃ ትዋሻለች፤ ኳ ኳ ሲያደርጓት ወደ እውነቷ ትመለሳለች።

አሮጌዎቹ አውሮፕላኖች ከሥራ ሲወጡ እሱም ምድር ላይ ቀረ። በአዲሶቹ ውስጥ መርፌ የለም፤ ሲነኳቸው የሚታዘዙ አራት ስክሪኖች ናቸው ያሉት። መስኮት በሌለው፣ በረራን በሚያስመስል የሲሙሌተር ክፍል ሁለት ጊዜ ተፈተነ፤ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ሁለቱንም ጊዜ ለማረፍ ሲወርድ ጥፍሩ ስክሪኑን መታ፣ ገጹ ተቀየረ፣ የማረፊያው መስመር ጠፋ። ሦስተኛውን ከወደቀ መብረር ቀረ ማለት ነው።

«ካፒቴን፣ ይሄ እኮ አያንቀላፋም፤ ለምን ይቀሰቅሱታል?» አለችው አሠልጣኟ፣ ልጁ የምትሆን አብራሪ።

«የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» አላት።

«እንግዲያው ጦጣዋን ቤት ትተዋት ይምጡ።»

ለመጨረሻ ጊዜ ከመሬት ከተነሣ ሰባት ወር ሆኖታል። ጠዋት የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ሻዩን አስቀምጦ እስኪርቅ ያዳምጣል። የናፈቀው ከፍታው አይደለም፤ ደመናውን በስተው ሲወጡ ፀሐይ ድንገት ጉልበቱ ላይ የምታርፍባት ቅጽበት ናት። ሳሎን ውስጥም በመስኮት ገብታ እዚያው ጉልበቱ ላይ ታርፋለች፤ ግን ያቺው ፀሐይ አትመስለውም።

ሚስቱ የስክሪኖቹን ሥዕል ካርቶን ላይ ለጥፋ ምግብ ጠረጴዛው ላይ አቆመችለት። የሞተሩ ኃይል መስጫ እጀታ ይሁንልህ ብላ ዘነዘና አስጨበጠችው።

«አንተ ሰውዬ፣ እሱን ከለቀቅክ ምሳ የለም።»

በሦስተኛው ፈተና፣ ሺህ ጫማ ላይ፣ የከፍታው ቁጥር የቆመ መሰለው። እጁ ከእጀታው ተነሣ። ጥፍሩ ስክሪኑን ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው አየር ላይ ቀረ። ቁጥሩ በራሱ ጊዜ ወረደ፦ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ፣ ዘጠኝ መቶ ስድሳ። እጁን መለሰ። አሳረፈ።

«ሐሙስ ጠዋት ይበራሉ» አለች አሠልጣኟ እየፈረመች።

ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ለሚስቱ ደወለ፤ «ጨረስኩ» አላት በቀዘቀዘ ድምፅ።

«ምነው? ወደቅክ እንዴ?»

«አለፍኩ። ሐሙስ ነው የምበረው።»

«ታዲያ ድምፅህ ምን ሆነ?»

«እስከ ሐሙስ እኮ ገና ሦስት ቀን አለ» አላት።